ከጀጎል ግንብ እስከ ጅሬን ኮረብታ፦ ስናድስ ምን እናጣለን?

የእናቴ ቤት ያለው ጅማ መንቲና ሰፈር ውስጥ ነው። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ምሰሶውና ማገሩ እንጨት፣ ግድግዳው ጭድ ገብቶበት የተቦካ ጭቃ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲያምርላት ብለን ውጪውን በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ቀለም ቀባነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እሰየው» አለን። ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ልስን በጣቴ ባንኳኳው ባዶ ቆርቆሮ የመታሁ ያህል ጮኸ። ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ገንፎ ርሷል፤ ማገሩ በእጅ ሲጨበጥ ይፈረካከሳል፤ ምስጥም ከመሬት ጀምሮ መንገዱን ሠርቷል። አርባ የጅማ ክረምት የቻለ ግድግዳ እኛ ካሳመርነው በኋላ ሦስት ክረምት መቻል አቃተው።

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ስለ እድሳት በተወራ ቁጥር ይህ ግድግዳ ይታወሰኛል። ጅማ መልኳን እየቀየረች ነው። የኮሪደር ልማቱ ጎዳናውን አስፍቶታል፣ የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ሌላ ገጽታ ይዟል፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም የጥገና እጅ ነክቶታል። ቤተ መንግሥቱ ጣውላው ሲበሰብስና ጣሪያው ሲያፈስ እያየን ያደግን ሰዎች ለዚህ ቀን ስንመኝ ኖረናል፤ ደስታዬ ከልብ ነው። ስጋቴም ከልብ ነው። አሮጌ ቤት በሁለት መንገድ ይጠፋል፦ ዞር ብሎ የሚያየው ሲያጣ፣ ወይም ጠባዩን ሳያውቅ የሚያድሰው ሲያገኝ። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ወደ ሐረር ሄጄ፣ ከዚያም ወደ አንዲት የፈረንሳይ ከተማ ጎራ ብዬ፣ ወደ ጅሬን እመለሳለሁ። ሦስቱም ቦታዎች አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ።

ግንቡና ከግንቡ ጀርባ ያለው ሰው

ሐረርን የሚያቅፈው የጀጎል ግንብ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1543 ከሞቱ በኋላ የከተማዋ ጦር ተበትኖ፣ ጉልበቷም ተሟጦ ነበር። ከደቡብ በኩል የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ እየገፋ ሲመጣ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማዋን በግንብ አጠሯት። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከፍታው አራት ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ እዚያው አካባቢ የሚገኝ፣ ሐረሪዎች «ሐሺ» የሚሉት ኖራማ ድንጋይ ነው። ውስጡ ያለው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ቢሆንም 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ማረፊያዎች አሉበት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። መኪና የሚያስገባው ሰፊ በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። እያንዳንዱ ጥንታዊ በር ወደ አንድ ሰፈር ያስገባል፤ ስለዚህ በሩ የሰው መታወቂያም ነበር። ማታ ማታ በሮቹ ሲዘጉ ከተማዋ እንደ አንድ ግቢ ትሆን ነበር። ሲነጋ ደግሞ ግንቡ ሊመክታቸው የተሠራባቸው ሰዎች ልጆች እንጨቱን፣ ወተቱንና እህሉን ይዘው በእነዚያው በሮች ይገቡ ነበር። ጠላትን ለመከልከል የተሠራ አጥር የገበያ መግቢያ ሆነ። ከግንቡ ሥር ደግሞ «ዋራባ ኑዱል» የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ሌሊት ጅቦች በዚያ ገብተው የመንገዱን ጥራጊ ለቃቅመው ይወጣሉ። ሰው ላይ በሩን ዘግቶ ለጅብ ቀዳዳ የተወ ከተማ እኔ ሌላ አላውቅም። ግንበኛው ግንቡን ሲሠራ ከተማዋ እንዴት እንደምትኖርም አስቦ እንደነበር ያሳያል።

የሐረሪ ቤት፣ ማለትም «ጌ ጋር»፣ ከውጪ ሲያዩት ደረቅ ግድግዳና አንድ በር ነው። ውስጡ ሲገቡ ሌላ ዓለም ይከፈታል። «ነደባ» የሚባሉት አምስት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ወለሉን ይከፋፍሉታል፤ የቤቱ ባለቤት የሚቀመጥበት፣ እንግዳ የሚያርፍበት፣ ወጣቱ የሚቀመጥበት ሁሉ የየራሱ ቦታ አለው። መደቡ ቀይ አፈር ይቀባል፤ ቀለሙ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ግድግዳው ላይ ስፌቱና ጎድጓዳው ሳህን ተደርድሯል። በዓል ሲቃረብ ግድግዳው እንደገና ይቀባል። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው የቤቱ ሴቶች ናቸው፤ ፈቃድ አይጠይቁም፣ ባለሙያ አይጠሩም፣ በጀትም አይጠብቁም።

የጀጎል ዋና ምሥጢር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ግንቡ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት የቆመው ድንጋዩ የተለየ ጥንካሬ ስላለው ብቻ አይደለም። ከጀርባው ሰው ይኖራል። ድንጋይ ሲወድቅ የሚያየው አለ፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ልጇ እዚያ ሥር የሚተኛ እናት አለች። ጥገና በዓመት አንድ ጊዜ ከቀለም ጋር የሚመጣ ልማድ ነበር። ልማዱ ዛሬም አልጠፋም፤ ሆኖም እየሳሳ መጥቷል። የጣሪያ እንጨት ተወደደ፣ ጭቃ ጣሪያ በቆርቆሮ ተተካ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ በሲሚንቶ ተደፈነ። ይህን ያደረገውን ባለቤት መውቀስ አይገባም። ሲሚንቶ በየሱቁ አለ፤ ኖራ የሚያቃጥል፣ በውሃ የሚያበርድና የሚያበስል ሰው ግን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ሲሚንቶ ስንል ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ልዘርዝር፤ ብዙ ጊዜ «ቅርስ ላይ ሲሚንቶ አይደረግም» ተብሎ ይታለፋልና። የድንጋይ ግንብ ውሃ ይጠጣል፤ ከዝናብም ከመሬትም። የጠጣው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። መገጣጠሚያው ኖራ ወይም ጭቃ ከሆነ ውሃው በመገጣጠሚያው ይወጣል፤ እየተበላ የሚያልቀውም መገጣጠሚያው ነው፤ እሱን በየጥቂት ዓመቱ መሙላት ቀላል ነው። መገጣጠሚያው ሲሚንቶ ከሆነ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ ውሃም እንደልቡ አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ሲወጣም ይዞት የመጣው ጨው የድንጋዩን ፊት እየላጠ ይጥለዋል። ከዓመታት በኋላ የሚቀረው እንደ መረብ የቆመ ሲሚንቶ ነው፤ ድንጋዩ ከመሐሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ሐረርም ሆነ ሌላ ቦታ የቆየ የሲሚንቶ ጥገና ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶው ወደ ውጪ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ጎንደርም ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። የፋሲል ግቢ 900 ሜትር የሚያህል ቅጥርና 12 በሮች ያሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት የተጠገነው ክፍል ለግንቡ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንደገና በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። አንድን ስህተት ለማረም አርባ ዓመትና ሁለተኛ ወጪ ጠየቀ።

ግንቡ ድኖ ሰው የጠፋባት ከተማ

ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ካርካሶን የምትባል ከተማ አለች። ስለ ቅርስ እድሳት ክርክር በተነሳ ቁጥር ስሟ የሚጠራው በከንቱ አይደለም። በኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ በሁለት ረድፍ ግንብ የተከበበች፣ 52 ማማዎች ያሏት የመካከለኛው ዘመን ከተማ ናት። የግንቡ ርዝመት በድምሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጀጎል ብዙ አይርቅም። መሠረቱ ከሮማውያን ዘመን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1209 የመስቀል ጦረኞች ያዟት፤ በዚያው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት የውጪውን ግንብ ጨመሩላት። እ.ኤ.አ. በ1659 በተፈረመው የፒሬኔ ውል የስፔን ድንበር ወደ ደቡብ ሲገፋ ምሽጉ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ምሽግ ደግሞ የድንጋይ ካባ ይሆናል፤ ሰዉ እየፈለቀቀ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1849 የፈረንሳይ መንግሥት ግንቡ ይፍረስ እስከ ማለት ደረሰ። የከተማዋ ተወላጆችና የቅርስ ተቆርቋሪዎች ጮኹ፤ ውሳኔው ተሻረ፤ እ.ኤ.አ. በ1853 ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክት እድሳቱን ጀመረ።

ይህ ሰው ግንቡን አድኖታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የማማዎቹን ጣሪያ ሲሠራ በሰሜን ፈረንሳይ እንደሚታየው ሹል አድርጎ በጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ከደነው። ደቡቡ ግን የሸክላ ጣሪያ አገር ነው። ተቺዎቹ በቁጣ ተነሱ፤ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ፤ በኋላ አንዳንዶቹ ማማዎች ጣሪያቸው በሸክላ ተተካ። ዛሬ ቱሪስቱ የሚያየው ግንብ ከፊሉ የመካከለኛው ዘመን፣ ከፊሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ምናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡት የቅርስ ባለሙያዎች ባወጡት ቻርተር ጥገና ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ያሉት እንዲህ ዓይነቱን ልምድ አይተው ነው። በዚያው ቻርተር አዲስ የተተካው ክፍል ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ሐውልቱም ካለበት አካባቢ እንዳይነጠል ተደንግጓል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጣሪያው ይልቅ ሌላው ነው። በሁለቱ ግንቦች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ድሆች ግንቡን ተደግፈው ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። እድሳቱ ሲመጣ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ግንቡ ጠርቶ ይታይ ዘንድ ሰዎቹ ተነሱ። በሥዕል ሲያዩት ያምራል። ዛሬ ከግንቡ ውስጥ በቋሚነት የሚኖረው ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቤት ሆቴል፣ ምግብ ቤትና የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ካርካሶንና ሐረር ሁለቱም በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አሉ፤ የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ። አንደኛዋ ውስጥ ማታ ሱቁ ሲዘጋ መንገዱ ጭር ይላል። ሌላዋ ውስጥ ማታ የሚሰማው የልጆች ጫጫታ፣ የመግሪብ አዛንና የቡና ሙቀጫ ነው። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ጭቃው የተላላጠውን የሐረር ግድግዳ እመርጣለሁ።

የጅማ ግንብ

ጅማ የድንጋይ ግንብ አልነበራትም። አጥር ግን ነበራት። በጊቤ አካባቢ የነበሩት አምስት መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ ድንበራቸውን በራሳቸው መንገድ ያጥሩ ነበር። በሁለት መንግሥታት መካከል ሰው የማይሰፍርበት፣ «ሞጋ» የሚባል ባዶ መሬት ይተዋል። ከሞጋው ወዲህ ጉድባ ይቆፈራል፣ የእንጨት አጥር ይተከላል። መግቢያው ኬላ ነው። ኬላውን የሚጠብቀው ሹም አባ ኬላ ይባላል፤ ነጋዴው ማን እንደሆነና ምን እንደጫነ ሳይታወቅ አያልፍም። ዛሬ መንገድ ላይ ገመድ ተዘርግቶ መኪና ሲቆም «ኬላ ደረስን» የምንለው ቃል ያኔ የአንድ አገር በር ነበር። ከጎጀብ ማዶ ዳውሮ ውስጥ ደግሞ በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራው፣ ያለ ምንም ጭቃ የተካበው ረጅም የድንጋይ አጥር እስከ ዛሬ ይታያል። ደቡብ ምዕራቡ አጥርን ያውቅ ነበር፤ በብዛት የሠራው ግን በአፈርና በደን ነው። አፈር ይሞላል፣ ደን ይመነጠራል። ስለዚህ የጅማ ግንብ ፎቶ የሚነሳ ነገር አልተረፈውም፤ ለማየትም ለመጠበቅም የበለጠ ትጋት ይጠይቃል።

የዚያ ሥርዓት ልብ ጅሬን ነበር። ከመሐል ከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ኮረብታ ላይ። ንጉሡ ከላይ፣ ገበያው ከታች። ከታች ያለው ሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም፣ ከምፅዋም ከዘይላም ቅፍለት የሚደርስበት ገበያ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ እዚያ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። የዚያን ዘመን ሀብት ስናነሳ የባሪያ ንግዱን መዝለል ለሙታኑ ክብር መንፈግ ነው፤ ታድሶ ለጎብኚ በሚከፈተው ቤተ መንግሥት ውስጥም ይህ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነገሡ። ገና ወጣት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1882 ለምኒልክ ለመገበር ሲስማሙ ምክሩ የእናታቸው የገኔ ጉሚቲ እንደነበር ይነገራል። ውሳኔው በዘመኑ ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም፤ ሆኖም ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። ጎረቤቷ ከፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በጦር ስትወድቅ ጅሬን ጥይት አልተተኮሰበትም። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1932 እስኪሞቱ ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ገዙ። ዛሬ ኮረብታው ላይ ቆሞ የምናየው እንጨት ያልተቃጠለው በዚያ ስምምነት ምክንያት ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ቤተ መንግሥቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ከእንጨት፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ የያዘ። ከጎኑ መስጊዱ አለ፤ የንጉሡ መቃብር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይገኛል። መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የጣሪያው ጠርዝ ነው፤ ጣውላው እንደ ጥልፍ ጫፍ ተፈልፍሎ ዙሪያውን ይንጠለጠላል። አሠራሩ የህንድ እጅ እንዳለበት ያሳብቃል። ሐረርም እ.ኤ.አ. ከ1887 በኋላ የገቡት የህንድ ነጋዴዎች የእንጨት በረንዳ ያላቸው ባለ ፎቅ ቤቶች ሠርተዋል፤ የጀጎልን ጠባብ መንገድ የለመደ ሰው ጅሬን ሲመጣ «ይህን የት ነው ያየሁት?» ብሎ ቢቆም አይፈረድበትም።

በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቆሜ ዝናብ እስኪያባራ ስጠብቅ ያየሁትን ልናገር። ዝናቡ የጅማ ዝናብ ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጥል። ውሃው ከጣሪያው ወርዶ ጌጠኛው ጣውላ ጋ ሲደርስ በእያንዳንዱ የተፈለፈለ ጥርስ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ከግድግዳው ርቆ ይንጠባጠባል። መሬት ላይ የጠብታው መስመር ከግድግዳው አንድ ትልቅ እርምጃ ያህል ይርቃል። ጭቃው ግድግዳ ደረቅ ነበር። ጌጥ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ጣውላ ለካ ሥራ ላይ ነበር። በረንዳው ጥላ ብቻ አይደለም፣ የጭቃው ጃንጥላ ነው። ይህን ጣውላ በጥርሱ ምትክ ቀጥ ባለ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም በብረት ብንለውጠው ከሩቅ ብዙ ሰው ልዩነቱን አያይም። ውሃው ግን ያየዋል።

ስለዚህ ስለ ጅሬን ጥገና ስንነጋገር ቤቱ ተቀባ ወይስ አልተቀባም ማለት በቂ አይደለም። የትኛው ጣውላ ወጣ? በምን እንጨት ተተካ? የወጣው የት ተቀመጠ? ልስኑ ጭቃና ኖራ ነው ወይስ ሲሚንቶ? የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይደነግጋል፤ ፈቃድ ማለት ደግሞ ሰነድ ማለት ነው። ያ ሰነድ ለጅማ ሰው ክፍት ቢሆን፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሳው ፎቶ ከተማው ሙዚየም ውስጥ ከአባ ጅፋር ዕቃዎች አጠገብ ቢሰቀል፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚጠግነው ሰው ከግምት ይድናል።

ሁለተኛው ነገር ቁልቁለቱ ነው። ጅሬን ቤት ብቻ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች የማየት ሥልጣን ነው። ከሰገነቱ ሲቆሙ ከተማው ከእግር ሥር ይዘረጋል፤ ከከተማው ሲያዩ ደግሞ ኮረብታው ይታያል። ይህ መተያየት ነው ቦታውን የመረጠው። አሁን ከተማው ወደ ኮረብታው እየወጣ ነው። መንገድ ሲሻሻል የመሬት ዋጋ ይጨምራል፣ ዋጋ ሲጨምር ባለ አራት ፎቅ ይመጣል። ሁለት ወይም ሦስት ረጃጅም ሕንፃዎች ተገቢ ባልሆነ ቦታ ላይ ቢቆሙ ቤተ መንግሥቱ ሳይነካ ይጠፋል፤ ግድግዳው ቆሞ ትርጉሙ ይሸፈናል። በቁልቁለቱ ላይ የሕንፃ ከፍታ ገደብ ማውጣት ዛሬ የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የካሳ፣ የክስና የእንባ ሥራ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከካርካሶን የተማርነው ይምጣ። አካባቢው ይጠበቅ ማለት በኮረብታው ሥር የሚኖረው ገበሬና የቀን ሠራተኛ ይነሳ ማለት እንዳይሆን። የጅሬን መንደር ሰው፣ ከብቱ፣ የጓሮ ቡናው፣ አርብ ወደ መስጊድ የሚወጣው ሽማግሌ፣ ወደ ሂርማታ የሚወርደው እግረኛ መንገድ የቤተ መንግሥቱ አካል ናቸው። በሐረር ግንቡን ያቆየው ይህ ነው። በጭቃ ቤት ኑር ብሎ ሰውን መከልከልም ፍትሕ አይደለም፤ ከተከለከለ መታገዝ አለበት። ከጎብኚ መግቢያ የሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ክፍል በቅርሱ ዙሪያ ለሚኖሩት ቤተሰቦች የጣሪያ እንጨት ቢሆን፣ ጠባቂ ከመቅጠር ባነሰ ወጪ ቅርሱ በተጠበቀ ነበር።

ሦስተኛውና ለእኔ ቅርብ የሆነው የእጅ ሙያው ነው። ጅማ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ትታወቃለች። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴል ሳሎን ላይ አይቻታለሁ። የበርጩማው ጠራቢ ዋንዛውን በመዳፉ መታ አድርጎ ሰንጥቆ ይኑረው አይኑረው በድምፁ ይለያል፤ በመሮው የሚያወጣው ኩርባ የጣሪያውን ጣውላ ጥርስ ለመፈልፈል ከሚያስፈልገው ብዙም የራቀ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በከተማችን አሉ። የሚሸጡት ግን በየመንገዱ ዳር ነው፤ ወጣቱም ቀስ በቀስ ወደ ፋብሪካ እንጨትና ወደ ብረት በር እየሄደ ነው። ቤተ መንግሥቱ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ጥገና የሚያስፈልገው ቤት ነው፤ እንጨትና ጭቃ እንዲህ ነው ጠባያቸው። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት መጥቶ ጠግኖ ቢሄድ ከአምስት ክረምት በኋላ ሌላ ፕሮጀክት ይጠበቃል። ጥቂት ጠራቢዎችና ለሳሾች ግን በቋሚነት ተቀጥረው ከጎናቸው ተለማማጅ ቢመደብላቸው ቤቱ እንደ ሐረር ቤቶች በልማድ ይኖራል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፤ የሚለኩና የሚመዘግቡ ተማሪዎች አሉት። እንጨቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ ከበሩ ሩቅ አይደሉም። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ጠረጴዛ ነው የጠፋው።

የእናቴን ቤት በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ እንደገና ጀመርነው። ሲሚንቶውን ሙሉ በሙሉ አንስተን የበሰበሰውን ማገር ለወጥን። አፈሩን ከጓሮ ቆፍረን፣ ጭዱን በትነን፣ ሱሪያችንን ሰብስበን ረገጥነው። እኔ በዚያው ቀን ልመርግ ብዬ እጄን ስሰድ እናቴ ከበረንዳው ላይ ተቆጣች። «ተው ልጄ፣ ጭቃው ገና ነው። ሦስት ቀን ይደር፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣው» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ስመለስ ጭቃው ሽታው ተለውጦ፣ ጭዱም ለስልሶ ጠበቀኝ። እሷ መጀመሪያውን ጉርሻ በመዳፏ አንስታ ከመስኮቱ ሥር መታ አደረገችው። ያዘ።